መንጋጋ ከመነቀሉ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ቀን ተሠርቶ ስለሚገጠመው የሴራሚክ ክራውን (የተጎዳ ጥርስ ላይ የሚለበስ ሽፋን) ሰው ሲያወራ የምሰማው ሁሌም ስለ ቁንጅና ነው። ለሚያምር ፈገግታ፣ ለሰርግ ፎቶ። እኛ ድሬዎች ግን በዋናነት የሚያስፈልገን ጥርሳችን እንዳይነቀል ነው።

የአክስቴ ልጅ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። መንጋጋው ታሞ ሩት ካናል (የጥርስ ስር ሕክምና) ተሠራለት፣ ጥርሱ ተሞርዶ ልክ ተወሰደ፣ ጊዜያዊ ሽፋን ተለጥፎለት ዋናው አዲስ አበባ ተሠርቶ እስኪመጣ ጠብቅ ተባለ። ሹፌር ደግሞ ጭነት ከተገኘ አይጠብቅም። ደወሌ ላይ ተራ ይዞ ምሳ ሲበላ ሽፋኑ ወለቀ፤ «ስመለስ አሠራዋለሁ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ፣ ሲመለስ ጥርሱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ተነቀለ። ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ ሳይሸፈን ከቆየ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን አልወቅስም፤ ጥርሱን ያሳጣው ምልልሱ ነው።

ቴክኖሎጂው እኮ የትናንት አይደለም። ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥርስ ሐኪሙ ቬርነር ሞርማንና መሐንዲሱ ማርኮ ብራንደስቲኒ ያመጡት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ታካሚ በዚህ መንገድ የሴራሚክ ሙሌት የተገጠመለት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። አፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ጥርሱን ታነሳለች፣ ስለዚህ ያ የሚያቅለሸልሸው የልክ መውሰጃ ሊጥ ይቀራል። ሐኪሙ ቅርጹን ኮምፒውተር ላይ ያስተካክላል። ከዚያ ማሽኑ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል የሴራሚክ ቁራጭ ውሃ እየረጨ በአልማዝ መሞረጃ ይቀርጻል፤ ይኼ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሚባለው ዓይነት ከማሽኑ ሲወጣ ሐምራዊ ነው። 850 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ከተተኮሰ በኋላ ነው የጥርስ መልክም ጥንካሬም የሚይዘው።

መብራት ቢጠፋስ? ያለ አስተማማኝ ጄኔሬተር አይሞከርም። ዋጋውም ከባድ ነው፤ ማሽኑም ቁራጩም በዶላር የሚገዛ ነው። ግን እያንዳንዱ ክሊኒክ ሁሉንም ይግዛ አላልኩም። የድሬና የሐረር ክሊኒኮች አንድ ማሽን በጋራ ቢያመጡ ምን ይከለክላል? የሐረር ታካሚ ጠዋት በደንገጎ ወርዶ ማታ ቤቱ ይገባል። እሱ ካልሆነ ካሜራዋን ብቻ ይግዙ፣ ምስሉ በኢንተርኔት አዲስ አበባ ላለ ላብራቶሪ ይላክና ሽፋኑ ተሠርቶ ይምጣ። በአንድ ቀን ባያልቅም ልኩ መንገድ ላይ አይበላሽም፣ የሚጠበቀውም ቀን ያጥራል።

ሁሉም ጥርስ በአንድ ቀን ይሠራ ማለቴም አይደለም። ድድ ካበጠ፣ ስሩ ገና መግል ካለው መጀመሪያ ይታከም። ማሽኑ የሐኪምን እጅ አይተካም፤ የበሰበሰው በደንብ ሳይጠረግ ከተሸፈነ ከላይ ያምራል፣ ከውስጥ መበላቱን ይቀጥላል።

አሁን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ማሽኑ ያላችሁ ክሊኒኮች ዋጋውንና የሴራሚኩን ዓይነት በግልጽ ለጥፉልን፣ በስልክ ስንጠይቅ «መጥተህ እናያለን» አትበሉን። የሌላችሁም መንቀያውን ከማንሳታችሁ በፊት ይህ ጥርስ በክራውን ሊተርፍ ይችል እንደሆነ፣ የትስ እንደሚሠራ ለታካሚው ንገሩት፤ ብሩን ፈልጎ የሚሄድ ይሄዳል። ጋዜጣችሁም የሁለቱን ከተሞች የጥርስ ሐኪሞች ጠይቆ ማን ምን እንደሚሠራና በስንት እንደሆነ ቢያወጣልን ትልቅ ውለታ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ