«ቤቱን ልቀቅ» ማለት ማስጠንቀቂያ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጎንደር ከማራኪ እስከ አዘዞ የቤት ኪራይ ጉዳይ የብዙ ሰው ራስ ምታት ነው። ተከራይን ለማስወጣት በቂ ምክንያት ያለው አከራይ በማስጠንቀቂያው ጉድለት ብቻ ክሱ እንዳይወድቅበት፣ ተከራይም በድንገት ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ፣ አሠራሩ በግልጽ እንዲታወቅ እንፈልጋለን።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። በር ላይ ቆሞ «ልቀቅልኝ» ማለት፣ ወይም ሽማግሌ መላክ፣ ለመግባባት ይጠቅም ይሆናል። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን መቼ ተባለ፣ ምን ተባለ፣ ማን ሰማ የሚለው ሁሉ ያከራክራል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

ከመጻፍ በፊት ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል። ቤቱ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በተመዘገበ ውል የተከራየ ከሆነ፣ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጊዜው ሳይደርስ ማስወጣት የሚቻለውም አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ክፍሉን ለእንግዳ በቀን ሒሳብ ለማከራየት መፈለግ ከነዚህ ውስጥ የለም። የተሻለ የሚከፍል ሰው መገኘቱም እንዲሁ።

ብዙውን ጊዜ ጠቡ የሚነሳው በኪራይ ዕዳ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2952 መሠረት የኪራይ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን የመክፈያ ጊዜ ይሰጣል። ተከራዩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከከፈለ ውሉ ይቀጥላል። ማስጠንቀቂያው ዕድል የመስጫ ወረቀት ነው፤ ክፍያውን «አልቀበልም» ብሎ ቀኑ እስኪያልፍ መጠበቅ አከራዩን ራሱን ጥፋተኛ ያደርገዋል።

ወረቀቱ አጭር ቢሆን ይሻላል። ለምሳሌ፦ «በታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረምነው የሁለት ዓመት ውል በወር 6,000 ብር የተከራዩት ቤት የኅዳርና የታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ኪራይ፣ በድምሩ 12,000 ብር፣ አልተከፈለም። ይህ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ቀን ቀጥሎ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ካልከፈሉ ውሉ የሚቋረጥ መሆኑን አስታውቃለሁ።» የክፍለ ከተማው፣ የቀበሌውና የቤቱ ቁጥር፣ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ፣ ቀንና ፊርማ ይጨመሩበት። ውሉን ባልና ሚስት አብረው ፈርመው ከሆነ የሁለቱም ስም ይጻፍ። የመብራትና የውሃ ሒሳብ ከኪራዩ ጋር ተደባልቆ አንድ ድምር አይሁን፤ ገንዘቡ ከትክክለኛው ዕዳ በልጦ ከተገኘ ክርክሩ ወደ ሒሳብ ይዞራል።

ቀን አቆጣጠሩ ላይ ጳጉሜን አትርሱ። ነሐሴ 20 ለደረሰ ማስጠንቀቂያ 30ኛው ቀን መስከረም 15 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ዓመት መስከረም 14። ወር ለወር ቆጥሮ «መስከረም 20» ማለትም ሆነ አምስቱን ቀን መግደፍ ስህተት ነው።

አሰጣጡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለተከራዩ፣ አንዱ ለአከራዩ፣ አንዱ ለፍርድ ቤት። ተከራዩ በአከራዩ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ቀኑን ጽፎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ አብረው የሄዱ ሁለት ምስክሮች፣ ወረቀቱ ቀርቦለት አልቀበልም ማለቱን በቅጂው ጀርባ ጽፈው ስማቸውንና ፊርማቸውን ያኑሩ። ምስክሮቹ የአከራዩ ልጅና ወንድም ባይሆኑ ይመረጣል። ጎን ለጎን በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት መላክና ደረሰኙን መያዝ ጥሩ ነው። በበር ሥር መወርወር፣ ለሕፃን ወይም ለቤት ሠራተኛ መስጠት፣ በስልክ መልእክት ብቻ መጻፍ ግን መድረሱን ለማስረዳት ያስቸግራል።

ከተማችን ውስጥ ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ዘመድ የሚያስተዳድረው ቤት ብዙ ነው። ዘመዱ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት የተረጋገጠ የውክልና ሰነድ ያስፈልገዋል፤ ኪራይ መሰብሰቡ ብቻ አይበቃም። ቤት የማስተዳደር ውክልና ካለው ማስጠንቀቂያውን ይሰጣል፤ ለመክሰስ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና መያዝ አለበት። ውክልናው ውስጥ «የመክሰስና የመከሰስ» የሚል ሥልጣን መኖሩ ክስ ከመክፈት በፊት ይታይ፤ ጎድሎ ከተገኘ ባለቤቱ ካለበት አገር አዲስ ውክልና እስኪልክ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

የውል ዘመን ሲያበቃ ያለው ነገር ቀለል ይላል። የጊዜው ማለቂያ ሳይደርስ ውሉን እንደማያድሱ በጽሑፍ አሳውቁ። ተከራዩ እዚያው ከተቀመጠና አከራዩም ዝም ብሎ ኪራዩን ከተቀበለ ውሉ ጊዜው ያልተወሰነ ሆኖ እንደታደሰ ይቆጠራል፤ ያኔ ነገሩ ከሀ ይጀምራል።

የተሰጠው ጊዜ ካለፈ በኋላም ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውሃ መቁረጥ፣ ዕቃ አውጥቶ ግቢ ላይ መደርደር አይቻልም። ይህን ያደረገ አከራይ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ የያዘው ጥሩ ክርክርም ይበላሽበታል። የሚቀጥለው ደረጃ ውሉን፣ የባለቤትነት ማስረጃውንና የማስጠንቀቂያውን ቅጂ አያይዞ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ነው። ከተፈረደ በኋላም ቤቱ የሚለቀቀው በፍርድ አፈጻጸም ትእዛዝ ነው።

ክሱ እስኪታይ ተከራዩ ገንዘብ ቢያመጣ መቀበል ይቻላል። ደረሰኙ ላይ ግን «ላለፈው ዕዳ የተከፈለ፤ ውሉን አያድስም» ተብሎ ይጻፍበት፤ በባንክ የገባም ከሆነ ያንኑ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ለተከራዩ ይድረሰው።

ከአክብሮት ጋር
በቤት ኪራይ ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ የሕግ ባለሙያዎች፣ ጎንደር