ወላጆችን ጠይቃችሁ ዝም እንዳትሉ
(ደብዳቤ ለልጄ)

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የምትሠሪበት ካቶሊክ ትምህርት ቤት አዲሱን ዕቅድ ከማውጣቱ በፊት የወላጆችን፣ የተማሪዎችንና የሠራተኞችን አስተያየት የማሰባሰቡ ሥራ ለአንቺ መሰጠቱን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። "ያው ወረቀት በትኖ መሰብሰብ ነው" ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ካቶሊክ ትምህርት ቤት ወላጅን የሚጠይቀው ዘመናዊ ለመምሰል አይደለም። የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች ወላጆች ናቸው ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ሕግም በቁጥር 796 መምህራን ከወላጆች ጋር ተቀራርበው እንዲሠሩና በፈቃደኝነት እንዲሰሟቸው ያዛል። የወላጆች ማኅበርና ስብሰባ እንዲኖርም ይላል። ስለዚህ ከባልደረቦችሽ አንዱ "ወላጅ ደግሞ ምን ያውቃል?" ካለሽ መልሱ እጅሽ ላይ ነው።

የላክሽልኝን ረቂቅ አየሁት። "በትምህርት ቤቱ አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?" ይላል፤ ከሥሩ ከ1 እስከ 5 ቁጥር አለ። ወላጁ 4 ላይ ያከብና ይሄዳል። ከዚህ 4 ተነስታችሁ ምን ልታቅዱ ነው? ይልቅ "ልጅዎ ትምህርት ቤት መሄድ የሚያስጠላው መቼ ነው? ለምን ይመስልዎታል?" ብለሽ ጠይቂ። መጻፊያ ቦታውንም ሰፋ አድርጊው።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ ቃሉን አትግደዪው። አንዲት ተማሪ "የሽንት ቤቱ በር አይቆለፍም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጣም" ብላ ጻፈች እንበል። ይህን "የመሠረተ ልማት ችግር" ብለሽ ከሌሎች ጋር ብትጠቀልዪው ልጅቷ ጠፋች ማለት ነው። ዕቅዱም "መሠረተ ልማት ይሻሻላል" ብሎ ያልፋታል። እሷ የጻፈችውን እንዳለ ለዳይሬክተሯ አንብቢላቸው። መቆለፊያ መግጠም የሦስት ዓመት ዕቅድ አይጠብቅም፤ ነገ ይገጠማል።

ሌላው የሚያሳስበኝ ዝም የሚለው ወላጅ ነው። መጠይቅ ቶሎ ሞልቶ የሚመልሰው ጊዜ ያለውና መጻፍ የማይከብደው ነው። ልጁ በነጻ የሚማርለት ወይም ክፍያ ያላሟላው ወላጅ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። የተናገረው ነገር በልጁ ላይ እንዳይመጣ ይፈራል። ካህኑ ቅዱስ ደ ላ ሳል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ትምህርት ቤቶቹን የከፈተው መክፈል ለማይችሉ ልጆች ነበር። የእነሱ ወላጆች ያልተሰሙበት ዕቅድ ለእኔ ካቶሊካዊ ዕቅድ አይደለም። ስለዚህ ስም አታጻፊ። ክፍል ስትጠይቂም ተጠንቀቂ፤ ተማሪው ጥቂት ከሆነ ማን እንደጻፈው ወዲያው ይታወቃል። መጻፍ የሚከብደውን ልጁን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ አናግሪው።

ልጆቹንም ጠይቂ፣ ትንንሾቹን ጭምር። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት፣ ምዕራፍ 3 ላይ፣ ትልቅ ጉዳይ ሲገጥም አበምኔቱ ማኅበሩን ሁሉ ጠርቶ ይማከር ይላል። ምክንያቱም ጌታ የተሻለውን ብዙ ጊዜ ለታናሹ ይገልጣል። ሁሉንም ሰምቶ የሚወስነው ግን አበምኔቱ ነው። ይህችን ያዣት፣ ትጠቅምሻለች። ብዙ ወላጆች "የሃይማኖት ትምህርት ይቀነስና ሒሳብ ይጨመር" ቢሉ ትምህርት ቤቱ ማንነቱን በድምፅ ብልጫ አይቀይርም። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትም አይቻልም። ክፍሉ ገብታችሁ እዩ። ልጆቹ ይጠይቃሉ ወይስ ከሰሌዳ ገልብጠው ይወጣሉ? ወላጆቹን ያሰለቻቸው አሰጣጡ ሊሆን ይችላል።

አሁን የምልሽን ግን በጥብቅ ያዢ። ከወረቀቶቹ መሃል አንድ ልጅ እንደተመታ፣ ያለአግባብ እንደተነካ ወይም አንድን አዋቂ እንደሚፈራ የሚጠቁም ነገር ካገኘሽ ያ አስተያየት አይደለም። ሠንጠረዥ ውስጥ አታስገቢው፣ የስብሰባ ቀንም አትጠብቂ። በዚያው ቀን ለልጆች ደህንነት ኃላፊው አድርሺ፤ ሕጉ በሚያዘው መሠረትም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ይነገር። የተቋም ስም ለመጠበቅ ተብሎ ዝም ሲባል በቤተክርስቲያናችን ስንት ልጅ እንደተጎዳ ታውቂያለሽ። ኃላፊው ማን እንደሆነ ወረቀቱን ከመበተንሽ በፊት እወቂ።

ብዙ ትምህርት ቤት እስከ መሰብሰቡ ድረስ ጎበዝ ነው። ከዚያ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ወላጁ ወይ አይሞላም፣ ወይ ለይስሙላ ይሞላል፤ አልፈርድበትም። እናንተ አንድ ገጽ ጽፋችሁ መልሱለት። የሰማነው ይህ ነው፣ ይህን ዘንድሮ እንሠራለን፣ ይህ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ለሚቀጥለው ዓመት አሳድረነዋል፣ ይህን ደግሞ በዚህ ምክንያት አናደርግም በሉት። በእያንዳንዱ ሥራ አንጻር ኃላፊውና የሚያልቅበት ወር ይጻፍ። "አናደርግም" የሚለውን ክፍል ለማስወጣት የሚፈልግ አይጠፋም። አንቺ ግን ተከራከሪለት። ምክንያቱ የተነገረው ወላጅ ቅር ቢለውም ዳግመኛ ስትጠይቂው ይመልስልሻል።

የተስተካከለውን ረቂቅ እስከ ዓርብ ላኪልኝ። እናትሽም ትየው፤ የተንዛዛ ጥያቄ እሷን አያመልጣትም። ለጽዳትና ለጥበቃ ሠራተኞችም ኮፒ እንዲደርሳቸው አድርጊ፤ የቱ ልጅ እያለቀሰ እንደሚገባ በየጠዋቱ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

አባትሽ