ለግብር ቡና፣ ለካሳ ጉቶ፦ ለከተማችን ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የወጣው፣ እንዲለቀቅ ለታዘዘው የአክስቴ የቡና ማሳ ስለተገመተው ካሳ በቀጥታ ለጽሕፈት ቤትዎ ያስገባናቸው ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ከተሰጣቸው በኋላ የት እንደደረሱ የሚነግረን ሰው ስላጣን ነው። ማመልከቻዎቹ በሙሉ በመሥሪያ ቤትዎ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ፣ ማስረጃም የተያያዘባቸው ነበሩ። ይህኛው በአማርኛ የተጻፈው የቀደሙት ሳይገቡዎት ቀርተው ይሆናል በሚል አይደለም፤ ሌላ ሰውም ያንብበው ብዬ ነው። የከተማዋን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ከጅማ ወጣ ብሎ በቡና ማሳ መካከል በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለችው ትንሿ ከተማ የትኛዋ እንደሆነች እርስዎ ያውቃሉ፤ በዞናችን የሚገኙ ሌሎች ከንቲባዎችም የእነሱን ከተማ መስላ ከታየቻቸው ቅር አልሰኝም።

ከተማ አይስፋ የሚል ሰው እንዳልሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። የምኖረው ጅማ ነው። ጅማ ራሷ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅሬን ግርጌ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ተነሥታ እዚህ የደረሰች ከተማ ስለሆነች፣ ትናንት ገጠር የነበረው ዛሬ ቀበሌ፣ ነገ ደግሞ ሰፈር መሆኑ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአክስቴ ቀበሌ ከወረዳው ወጥቶ ወደ እርስዎ ከተማ አስተዳደር ሲካለልም የተቃወመ አልነበረም፤ እንዲያውም መብራትና ውኃ ይመጣል ተብሎ ደስ ያላቸው ይበዙ ነበር። መብራቱና ውኃው እስካሁን አልመጡም። የመጣው ችካል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አክስቴ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከአንድ የቡና ማሳ ነው። ማሳው በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ያለ ሲሆን፣ ከፊሉ ከመልኮ የምርምር ማዕከል የወጣው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ፣ ከፊሉ ደግሞ አባታቸው የተከሉት የአካባቢው ቡና ነው። የአባታቸው ቡና አርጅቶ ምርቱ እየቀነሰ ስለመጣ፣ የግብርና ባለሙያዎች ይጎንደል እያሉ ደጋግመው ይመክሯቸው ነበር። ስለ ጉንደላ ለቡና አገር ከንቲባ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል፤ ነገር ግን ከቢሮዎ የተላከው ገማች ኮሚቴ ያላወቀው ወይም ማወቅ ያልፈለገው ይህንኑ ስለሆነ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ከለቀማ በኋላ፣ በደረቁ ወራት፣ ያረጀው ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቀርቶለት በሰያፍ ይቆረጣል፤ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ሁለት ወይም ሦስቱ ተመርጠው ሌላው ይወገዳል፤ ከዚያ በኋላ ሥሩ የቆየ ቡና እንደ አዲስ እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት መታገሥ ነው። አክስቴ ገቢዬ ይቋረጣል ብለው ብዙ ካመነቱ በኋላ፣ ካቻምና ጥር ላይ ከማሳቸው ግማሽ የሚሆነውን ጎነደሉ። የሌላ ቀበሌ ገበሬዎች መጥተው እንዲያዩት ተደረገ፤ ለእሳቸውም ሞዴል አርሶ አደር የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱ ዛሬም ግድግዳቸው ላይ አለ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ኮሚቴው መጣ። አንዱ ሜትር ይጎትታል፣ ሌላው ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ይመዘግባል። የቆመው ቡና በቁጥር ተመዘገበ፤ የተጎነደለው ግን «ጉቶ» ተብሎ በአንድ መስመር ሰፍሮ በዋጋው አምድ ላይ ሰረዝ ተደረገበት። አክስቴ ጎንበስ ብለው ጉዝጓዙን በእጃቸው እየገለጡ አንድ ስንዝር ያህል የወጣውን ቀንበጥ ከአንዱ ጉቶ ወደ ሌላው እየሄዱ አሳዩ። መዝጋቢው ቀና ሳይል «እማማ፣ እኛ የምንገምተው ያየነውን ነው» አላቸው። እሳቸውም «እኔስ የማሳይህ የማይታይ ነው?» አሉት። ንግግሩ በዚህ አበቃ፤ ሰረዙም እንዳለ ቀረ።

ክቡር ከንቲባ፣ ያየነውን እንገምታለን የሚል ሕግ በአገሪቱ የለም፤ ይህንንም ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቃሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለተነሺ ገበሬ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ ያሰላ የነበረው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በአስር በማባዛት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ምትክ መሬት ለማይሰጠው ገበሬ ይህን ወደ አስራ አምስት እጥፍ ሲያሳድገው፣ የሚባዛውም አማካዩ ሳይሆን መሬቱ ከመለቀቁ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ እንዲሆን አደረገ። ከፍተኛው የተባለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ቡና አንድ ዓመት ሰጥቶ በሚቀጥለው ያርፋል፤ በሽታ ይመታዋል፤ ዝናብ ይዘገይበታል፤ እንደ አክስቴም ለነገ ተብሎ ዛሬ ይጎነደላል። ገበሬው በደከመው ዓመቱ እንዳይለካ ነው እንዲህ ተብሎ የተጻፈው። የእርስዎ ኮሚቴ ግን ከሦስቱ ዓመታት መካከል የደከመውን መርጦ፣ ከዚያም ውስጥ የደከመውን ወር መርጦ ለካቸው። ከጉንደላው በፊት እሸት ቡናቸውን ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያስረከቡባቸው ደረሰኞች፣ ኪሎውና ዋጋው የተጻፈባቸው፣ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር ተያይዘው ገብተዋል። ከዚህ የተሻለ የገቢ ማስረጃ ምን ሊቀርብ እንደሚችል አላውቅም።

ከሁሉ ያበሳጨኝ ደግሞ ሌላ ወረቀት ነው። አክስቴ በዚያው ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የከፈሉት ቡና አምራች ተብለው፣ በሙሉ ማሳቸው ልክ ነው። ደረሰኙ በእጃችን አለ። እንግዲህ አንድ መንግሥት፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ማሳ ላይ፣ በባለሙያው አፍ ጎንድዪ ብሎ መክሮ፣ ስለ ጎነደለች ብሎ ሸልሞ፣ ቡና አለሽ ብሎ ግብር ተቀብሎ፣ ካሳ ሲደርስ ግን ያለሽ ጉቶ ነው አለ። ይህ በየትኛው መመሪያ እንደተሠራ ቢነገረን አንብበን ዝም እንል ነበር።

ቅሬታ አላቀረባችሁም እንደማይሉን ተስፋ አደርጋለሁ። አዋጁ ለቅሬታ 30 ቀን ይሰጣል፤ የመልቀቂያ ትእዛዙ ግን ቀኑ ተጽፎበት ጠረጴዛ ላይ ከርሞ፣ የቀረው ጊዜ ሲያልቅ ነው ለአክስቴ የደረሰው። ያም ሆኖ ቅሬታው ቀርቧል። የቅሬታ ሰሚው የማሳውን ማኅደር ከወረዳው አምጡ አለን፤ ወረዳው ፋይላችሁ ወደ ከተማ ተዛውሯል አለን፤ ከተማው ደግሞ አልደረሰንም አለ። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተራቸውን ለከተማ ይቀየራል ተብሎ የወሰደው ቢሮ ለደብተሩ ደረሰኝ አልሰጠም። ስለዚህ አክስቴ ዛሬ በወረዳው ዘንድ የከተማ ሰው፣ በከተማው ዘንድ የገጠር ሰው ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ ግን ተነሺ መሆናቸው አልተዘነጋም።

ሕዝቡ ተወያይቶ ተስማምቷል የሚለውም ነገር በአጭሩ መታለፍ የለበትም። በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ የታሸገ ውኃ ታድሎ፣ የስም ዝርዝር ዞሮ ሰው ሁሉ ፈርሟል። ያ የመገኛ ፊርማ በኋላ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተሰፍቶ የስምምነት ፊርማ ሆኖ አየነው። አክስቴ በዚያ ቀን የፈረሙት ስብሰባ ላይ መገኘታቸውን ለማመልከት እንጂ ማሳቸውን ለመልቀቅ አልነበረም። አዋጁ ተነሺዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመክሩበት ሲል ይህን ማለቱ እንዳልሆነ ለመረዳት የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በነገራችን ላይ፣ ቀደም ብሎ ለመኖሪያ ቤት ማኅበራት ተብሎ ከጎረቤቶቻቸው የተወሰደው ቦታ ዛሬም ታጥሮ አረም ይበቅልበታል፤ ቡናው ተነቅሏል፣ ቤት ግን የለም።

አክስቴ የተገመተውን ገንዘብ አልቀበልም በማለታቸው ገንዘቡ በዝግ ሂሳብ ተቀምጧል፤ ይህም ለእርስዎ መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የተዘጋ አስመስሎታል። አልተዘጋም። የተጎነደለው ቡና ዘንድሮ አበባ አውጥቶ ፍሬ ይዟል። በጥቅምት ለቀማ ሲጀመር ኮሚቴውን ይላኩት፤ ያየነውን ነው የምንገምተው የሚለው ሰው አይቶ ይገምት። ከእሱ ጋር ግን ቡና የሚያውቅ አንድ የግብርና ባለሙያ ይኑር፤ ስሌቱም በደረሰኞቹ ላይ ካለው ከፍተኛው ዓመት ይነሣ። እስከዚያ ድረስ ችካሉ ባለበት ይቁም፣ ግሬደርም አይግባ። ይህ አይቻልም የሚሉ ከሆነም፣ አይቻልም ብለው በፊርማዎና በማኅተም ይጻፉልን፤ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ የሚያየው በቃል የተነገረንን ሳይሆን በጽሑፍ የተሰጠ ውሳኔን ነውና።

የባለ ማሳዋ የወንድም ልጅ
ጅማ