የላክሽው ደርሶኛል

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
ጥር 2017

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የላክሽው ማዳበሪያ ሐሙስ ማታ ደርሶኛል። ሹፌሩ ላምበረት ሲደርስ ስለደወለ የልጆቹ አባት ከሥራ እንደወጣ ሄዶ ተቀበለው። ቅቤው አልፈሰሰም፤ ክዳኑን በላስቲክ ማሰርሽ በጀ። የገብሱ ዱቄት፣ አብሹ፣ በሶው፣ ማሩ ሁሉም እንዳሰርሽው ነው።

ትልቋ የልጅ ልጅሽ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ልትወረውረው ፈለገች፤ የት ትወርውረው? አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ከበላያችን ያለው የሰው ቤት ነው። በመጨረሻ አባቷ ይዟት ወርዶ የጥበቃው ቤት ቆርቆሮ ላይ ጣለችው። የድሮው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ብንሆን ኖሮ እዚያው ደጃፋችን ላይ ቆማ ትጥለው ነበር። ስሟን አሁን ሳትሳሳት ትጽፋለች። መዝፈን ጀምራለች፤ ድምፅ ግን የላትም፤ በእኔ ነው የወጣችው።

ስለ ታናሽ ወንድሟ በስልክ ብዙ የማልነግርሽ ወንድሜ ድምፅ ማጉያውን ስለሚከፍተው ነው። ሚስቱ ትሰማለች፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ዓይንሽ እንዳይቸገር ፊደሉን አጉልቼዋለሁ፤ ለማንም አታስነብቢው።

ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። በ30 ሳምንቱ ሲወለድ 1,280 ግራም ነበር። ከዚያ ወደ 1,170 ወረደ፤ ነርሷ መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደሚቀንሱ ነግራን ነበር፣ እኛ ግን ሁለት ሌሊት አልተኛንም። ትናንት 1,265 ሆነ። አንቺ ለበዓል የምትገዢው ቡና ይበልጠዋል። አፍንጫው ላይ የአየር ቱቦ አለ፤ ሌላው ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ካለ ውሃ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይንቦቀቦቃል። እኔ በየሦስት ሰዓቱ ጡቴን አልባለሁ፤ እሱ በሌላ ቀጭን ቱቦ 15 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው።

ጠያቂው ሁሉ ግራ ገብቶታል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊል አፉን ይከፍትና ፊቴን አይቶ "አይዞሽ" ይላል። አልፈርድባቸውም። የደስታ ይሁን የለቅሶ ያልለየለት ቤት ምን ተይዞ ይኬዳል? የስድስት ወር ልጅ ልብስ ይዘው ይመጣሉ፤ ጫማ፤ ከእሱ ሦስት እጥፍ የሚሆን አሻንጉሊት። አበባ ይዛ የመጣች የሥራ ባልደረባዬን ጥበቃው ከደጅ መለሳት፤ ወደ ክፍሉ አበባ አይገባም። የልጆቹ አባት ዘመዶች ደግሞ አራት ቆርቆሮ የዱቄት ወተት አመጡ። ዋጋውን አውቃለሁ፣ ከልባቸው እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ሌሊት በ9 ሰዓት ተነሥቼ ጠብታ ስቆጥር ቆርቆሮዎቹ ከመደርደሪያው ላይ ሆነው "አልበቃሽውም" የሚሉኝ ይመስለኛል። ሐኪሞቹ ለእንዲህ ያለው ልጅ አንጀት የእናት ወተትን የሚያህል መከላከያ የለም ስለሚሉ፣ ቆርቆሮዎቹን አልጋ ሥር ከተትኳቸው።

የረባኝ ሌላ ነው። ያቺ የዕድር ጎረቤታችን፣ ቡና ስትቆላ ጭሱ የሚያስነጥስሽ፣ አሁን የምትኖረው ከከተማው ዳር ነው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ዕድሩም ተበትኖ ድንኳኑና ድስቱ የት እንደገባ እንኳ የሚያውቅ የለም፤ እሷ ግን ሁለት ታክሲ ይዛ ጠዋት በ1 ሰዓት አጥሚት በፔርሙስ ታመጣልኛለች። ስለ ልጁ አንዲት ቃል አትጠይቀኝም። እስክጠጣ ጠብቃ፣ የትናንቱን ፔርሙስ ተቀብላኝ ትሄዳለች። አንዲት የመሥሪያ ቤታችን ሴት ደግሞ ቫዝሊንና ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ ሸሚዝ ሰጠችኝ። ገርሞኝ ሳያት "እኔም እዚያ ወንበር ላይ 40 ቀን ተቀምጫለሁ" አለችኝ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ አላወቅሁም። እጄ በመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ ሸሚዙ ምን እንደሚሠራ ቆይቼ እነግርሻለሁ። ሰው ሁሉ "የምትፈልጊው ካለ ንገሪኝ" ይለኛል፤ ምን እንደምፈልግ የማስብበት ጭንቅላት ከየት አመጣለሁ? "ማክሰኞና ሐሙስ ትልቋን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ፣ እራቷንም አብልቼ ነው" ያለችኝ የታች ፎቋ ጎረቤታችን ግን ዕድሜ ይስጣት።

እማዬ፣ ማዳበሪያውን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ፈተሽኩት። ዱቄቱ ውስጥ ሳይቀር እጄን ሰድጄ ፈለግሁ። ለእኔ ያልላክሽው የለም። ለእሱ አንዲት ነገር የለም። ለትልቋ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ሙሉ የሹራብ ልብስ ይዘሽ ከተፍ ብለሽ ነበር። በስልክም "አንቺ ብቻ በርቺ" ትይኛለሽ። ባለፈው እሑድ "ያ ነገር እንዴት ሆነ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ነገር። ስሙንማ እስከ ዛሬ አልጠየቅሽም።

ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። በ1984 ሰባት ዓመቴ ነበር። ቦታ የለም ተብለሽ በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ስትመጪ ጋቢውን እስከ አገጭሽ ተከናንበሽ ነበር፤ ከውስጡ ነጭ የክር ኮፍያ ብቻ ይታያል። ዘጠኝ ቀን ከደረትሽ አላወረድሽውም። ተቀምጠሽ ነበር የምትተኚው። ከዚያ አንድ ጠዋት ስነቃ ጋቢው ታጥቦ ሽቦ ላይ ተሰጥቷል። ማንም ምንም አላለኝም። ኮፍያው፣ ካልሲዎቹ፣ ሰው ያመጣቸው ፎጣዎች ሁሉ ከቀትር በፊት ከቤት ወጡ። አንዷን ካልሲ ትራሴ ሥር ደብቄ ነበር፤ አግኝተሽ ቀማሽኝ። "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላይ" አልሽኝ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እኔ ግን ከሁለት ቀን በፊት አንቺ ስታንቀላፊ ኮፍያውን ከፍ አድርጌ አናቱን ነክቼው ነበር። ብርድ ያስገባሁበት እኔ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ መሰለሽ? አንድ ቀን እንኳ ስለ እሱ ብታወሪ ኖሮ እነግርሽ ነበር፤ አንቺም "የለም" ትይኝ ነበር።

ለወቀሳ ብቻ አይደለም ያነሣሁት። ረቡዕ ዕለት ነርሷ ልጁን ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን ደረቴ ላይ አስተኛችና ሸሚዙን ከልላብን በነጠላ ጠፍራ አሰረችን። ሁለት ሰዓት እንዲሁ ቆየን። መጀመሪያ እንደ ድመት ግልገል ቧጠጠኝ፣ ከዚያ ትንፋሹ ከትንፋሼ ጋር ሄደ። ካንጋሮ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ቦጎታ ላይ፣ ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም የማሞቂያ ሣጥን ቢያጥረው እናቶችን ማሞቂያ አደረጋቸው አለችኝ። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ይመክረዋል። እየሰማኋት ሳቅሁ፤ ነርሷ ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ ማልቀስ ጀመርኩ። ማንም ሳያስተምርሽ አድርገሽው ነበር፣ እማዬ። ሙቀት አልነፈግሽውም። ጠየቅኋት እኮ፤ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱት ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት ሳንባቸው ሳይበስል ስለሚመጡ ነው አለችኝ። ጋቢ ሳንባ አያበስልም። ይህን የነገረሽ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የንስሐ አባታችንን ደግሞ አነጋግሬያቸው ነበር። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ 40 ቀን ሳይሞላውም መጠመቅ ይችላል አሉኝ። ለምን እንደጠየቅኋቸው አትጠይቂኝ።

ስለ ገንዘብ አታስቢ፤ ዕቁቤ በዚህ ወር ወጥቶልኛል። ቅቤም አትላኪ፣ ይበቃል። ለእሱ የምትልኪው ካለ ግን ልንገርሽ። የራሱ ዙሪያ 27 ሳንቲሜትር ተኩል ነው፤ በሜትር ለክተሽ ክር ቋጥሪበት። ሱፍ ቆዳውን ስለሚበላው የጥጥ ክር ይሁን፤ ስፌቱ ወደ ውጭ፤ ሪባን፣ ቁልፍ፣ ጌጥ የሚባል አይኑረው። ሁለት አድርጊያቸው፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን እንዲያደርግ። ከአሮጌው ነጠላሽም መሐረብ መሐረብ የሚያካክል ሁለት ቁራጭ ቅደጂልኝ። ሌሊት ደረቴ ላይ ያደረ ጨርቅ ጠዋት ከአጠገቡ ያደርጉለታል፣ ሽታዬን እንዲለምድ። አዲሱ ነጠላ ሻካራ ነው፤ ያንን የለሰለሰውን።

በስልክ "አትምጪ፣ ትደክሚያለሽ" ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ብትመጪ ጠዋት ተነሺ፤ 130 ኪሎ ሜትር ለጉልበትሽ ቀላል አይደለም፣ ሸኖ ላይ ወርደሽ እግርሽን አፍታቺ። ላምበረት እንቀበልሻለን። የደም ግፊት መድኃኒትሽን የወር ያዢ። ጉንፋን ቢጤ ከያዘሽ ግን ቅሪ። ፎቁ ሊፍት የለውም፤ በየደረጃው ወንበር አስቀምጥልሻለሁ። ከወላጅ በቀር ወደ ክፍሉ ስለማያስገቡ አንቺ የምትቀመጪው ኮሪደሩ ላይ ነው። ወንበሩ ብረት ነው፤ የምትቀመጪበት ትንሽ አጎዛ ብትይዢ። እኔ ስወጣ በሩ ላይ ሰው እንዲኖር ነው የምፈልገው።

አልጋው ላይ የተለጠፈው ካርድ የእኔን ስም ጽፎ "ልጅ" ይላል እንጂ የእሱን ስም አይልም። ስም ግን አለው። በስልክ አልነግርሽም፤ መጥተሽ ጠይቂኝ።

ልጅሽ

ክሩ ግን ነጭ አይሁን።