ልምድ ያለው መምህር ገጠር አንደኛ ክፍል ይግባ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ አንድ ሰሞን ይንጫጫል። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ወላጅ ልጁን ይወቅሳል፣ ልጅ መምህሩን፣ መምህሩ ፈተናውን። ከዚያ ሰሞኑ ያልፋል፣ ወሬውም ይቀዘቅዛል። እኔ በአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የማሠለጥን ሰው ነኝ። ለእናንተ መጻፍ የፈለግኩት ግን ስለ 12ኛ ክፍል አይደለም። ስለ አንደኛ ክፍል ነው።

በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ማሳለፍ ያልቻሉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ተማሪ ካስፈተኑት አሥር ትምህርት ቤቶች አራቱ ማለት ነው። ሁሉንም ያሳለፉት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይህ የጭንቅላት ልዩነት ሊሆን አይችልም። የአንድ ወረዳ ልጅ በሙሉ ሰነፍ ሆኖ አይወለድም። እዚያ ያለው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያገኘው መምህርና ከተማ ያለው ልጅ ያገኘው መምህር እኩል አይደሉም።

አሠራሩን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ከኮሌጅ የተመረቀ ወጣት ዕጣ ያወጣል። ዕጣው የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ቦታ ያለበት ትምህርት ቤት ነው። ክፍት ቦታ ያለው ደግሞ ሌሎች ለቅቀውት የሄዱበት ሩቅ ገጠር ነው። እዚያ ይገባል። ዓመት በጨመረ ቁጥር የአገልግሎት ነጥቡ ይጨምራል፣ ዝውውር ይጠይቃል። ሥራውን በደንብ በለመደበት ጊዜ ዝውውሩ ይሳካለትና ወደ ወረዳው ከተማ ይመጣል። እሱ በለቀቀው ክፍል ሌላ ጀማሪ ይተካል። ስለዚህ የገጠሩ ልጅ ዘላለሙን የመለማመጃ ልጅ ነው። በሚማርበት ዘመን ሁሉ የሚያገኘው ገና ሥራውን እየለመደ ያለ መምህር ነው። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም። ደንቡ ራሱ ግን ልምድን ከድሃው ልጅ እየቀዳ ለተሻለው ልጅ ይሰጣል።

በአንዱ ትምህርት ቤት ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ትምህርቱን በክረምት ያሻሻለ መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል። አንደኛ ክፍል የሚሰጠው ለአዲስ ገቢ፣ ወይም ርዕሰ መምህሩ የት ላድርጋት ብሎ ለተቸገረባት መምህርት ነው። «አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው» ማለት የሚያፍሩ መምህራን አውቃለሁ። ለእኔ ከትምህርት ቤቱ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። 60 እና 70 ልጅ በአንድ ክፍል አስቀምጦ ፊደል ማስቆጠር ቀልድ አይደለም።

የተግባር ልምምድ የወጡ ዕጩ መምህራንን ለማየት ወደ ገጠር እንሄዳለን። በአንድ የአንደኛ ክፍል ትምህርት ላይ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ዕጩዋ መምህርት አንዲት ልጅ አስነስታ ከሰሌዳው መሃል «ሰ»ን ጠቆመችላት። ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከ«ሀ» ተነስታ እየቆጠረች «ሰ» ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ መለሰች። ክፍሉ አጨበጨበ። ልጅቷ ግን ፊደሉን አላወቀችውም፤ ያለበትን ቦታ ነው ያወቀችው። ሰሌዳው ላይ ተራው ቢዘበራረቅ አበቃ። ዕጩዋ ልብ አላለችውም። እንዴት ልብ ትበል? ይህን ማየት በኮሌጅ ያሳያት የለም። ልጅቷ እንዲሁ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛ ታልፋለች። አራተኛ ክፍል ላይ የሳይንስ መጽሐፍ ስትገልጥ ግን ማንበብ አትችልም። 12ኛ ክፍል የምትወድቀው ያን ጊዜ ነው፤ እዚያ ከደረሰች።

ጥናቱም የሚለው ይህንኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አዲስ አበባ ከሌሎቹ እጅግ ትሻል ነበር። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በ20 ቦታዎች 3,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን ከልጅነታቸው እስከ ወጣትነታቸው ተከታትሏል። ያሳየን ነገር በደሃና በተሻለ ቤት ልጆች መካከል ያለው ክፍተት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት መጀመሩን ነው። የከተማው ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ውሎ ይመጣል። የገጠሩ ከብት ሲያግድ ይቆያል፣ ወይም ዜሮ ክፍል በሚባለው የቅድመ አንደኛ ክፍል ዝግጅት ስም ሠልጥኖ ከማያውቅ አስተማሪ ጋር ይውላል። ከኋላ የተነሳ ልጅ የሚያስፈልገው የበረታ መምህር ነው። እኛ የምንሰጠው ተቃራኒውን ነው።

የሥልጠናውን ጉዳይ ቶሎ ልለፈው፣ ብዙ ተብሎበታልና። ለብዙ ዓመታት ከ10ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ጎበዙ ወደ መሰናዶ፣ ከዚያ ያነሰው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ለእኛ የሚደርሰው ሌላ አማራጭ ያጣው ነበር። አሁን የ10ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፣ መግቢያውም ከ12ኛ በኋላ ሆኗል። የምልመላው መንፈስ ግን አልተለወጠም። ወጣቶቻችን አሁንም «ሌላ ነገር እስካገኝ» እያሉ ነው የሚገቡት። ማንበብ እንዴት እንደሚማር የምናስተምረው ብዙዎቻችን አሠልጣኞችም ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የመጣን ነን፤ አንደኛ ክፍል ገብተን አስተምረን አናውቅም። ይህ ካልተነካ ሥርዓተ ትምህርቱ ስንት ጊዜ ቢቀየር ለውጥ አይመጣም።

መምህሩን አልወቅስም። ከአስፋልት ወርዳ ግማሽ ቀን በእግር የምትጓዝ፣ ብቻዋን የጭቃ ቤት የተከራየች፣ መብራትና ኔትወርክ የሌላት የ22 ዓመት ልጅ ዝውውር ብትጠይቅ ምን ይገርማል? ለሞቃታማው ቆላ የበረሃ አበል አለ። ከመንገድ ርቆ ደጋ ላይ ለተቀመጠው ትምህርት ቤት ግን ብርዱም ርቀቱም በነጻ ነው። ጭራሽ ብዙ ጊዜ ከከተማው መምህር ይልቅ እሷ ናት ወጪዋ የሚበዛው። ደመወዝ ለመቀበል ከተማ ስትመላለስ የምታወጣው የትራንስፖርትና የአልጋ ብቻ ቢቆጠር በቂ ነው።

ጋምቢያ ከእኛ ብዙ ያልተሻለች አገር ናት። በፈረንጆቹ 2006 ከዋናው መንገድ ቢያንስ 3 ኪሎ ሜትር ርቀው በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ለሚሠሩ መምህራን ከደመወዛቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ አበል መክፈል ጀመረች። በኋላ የተደረገ ጥናት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሠለጠኑ መምህራን ድርሻ በ10 ነጥብ ገደማ ማደጉን አሳይቷል። መምህሩ ሄደ ማለት ነው። ያው ጥናት ሲቀጥል ግን በተማሪዎቹ አማካይ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። እውነቱን መደበቅ አይገባም። ገንዘቡ መምህሩን ያመጣዋል፤ ክፍል ውስጥ አብሮት የሚቆም ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ያ ሰው አለን እኮ። የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ይባላል። ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ተሰባስበው በሚደራጁበት በየጉድኝት ማዕከሉ ተመድቧል። እሱ ግን ሲመጣ የሚያየው ፋይል ነው፦ ዓመታዊ ዕቅድ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤ። ክፍል ገብቶ ልጆቹን አንድ በአንድ የሚያስነብብ ጥቂት ነው። ኬንያ ከ2015 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ቱሶሜ በተባለው የንባብ ፕሮግራሟ እንዲህ ዓይነት ባለሙያዎቿን ክፍል አስገብታ ነበር። ታብሌት ይዘው ትምህርቱን ይከታተሉ፣ ልጆች ያስነብቡ፣ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ ነበር። የእኛዎቹ ይህን ለማድረግ ታብሌት እንኳ አያስፈልጋቸውም። አንድ ገጽ ጽሑፍና ትዕግሥት ይበቃል።

ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ትምህርት ቤቱ ራሱ ተዘግቷል። መምህራን ተሰድደዋል። ስለዚያ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ነገር ግን እነዚያ በሮች ሲከፈቱ መጀመሪያ የምንልክላቸው ማንን እንደሆነ ከአሁኑ ካልወሰንን፣ የተለመደው ዕጣ እንደገና ይወጣል።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴርንና የክልል ትምህርት ቢሮዎችን በጋዜጣችሁ በኩል የምጠይቀው ይህን ነው። ከከፍተኛ መምህር እስከ መሪ መምህር ላለው የዕድገት ደረጃ፣ ከመንገድ በራቀ ትምህርት ቤት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ማስተማር የሚያሸልም ነጥብ ይሁን። እዚያ ለሚያስተምሩት የተለየ አበል ይመደብ። ቤት ይሠራላቸው፤ ማኅበረሰቡ ድንጋይና እንጨት ለማቅረብ ወደ ኋላ አይልም፣ ቆርቆሮውን መንግሥት ይቻል። የኮሌጅ አሠልጣኝ የሚሆን ሰው አስቀድሞ አንደኛ ክፍል ያስተምር።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚኒስቴሩ ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጽሔት መምህራንን በክልልና በትምህርት ደረጃ ይዘረዝራል። የሚቀጥለው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ጋዜጠኞቻችሁ ስንት ተማሪ አለፈ ብለው ብቻ አይመለሱ። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት የሚገኝበትን ወረዳ ይዘው፣ በዚያ ወረዳ አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩት መምህራን ስንት ዓመት አገልግሎት እንዳላቸው ይጠይቁ። መልሱንም ከውጤቱ ጎን አትሙት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመምህራን ኮሌጅ አሠልጣኝ፣ ከደቡብ ወሎ