የንቦቹን ጥፋት በአንድ ነገር ብቻ አታላክኩ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ንብ መመናመን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ይህ ጉዳይ ሲወራ ሁሉም ጣቱን አንድ ነገር ላይ ይቀስራል። አንዱ ፀረ ተባይ ነው ይላል። ሌላው የሞባይል ኔትወርክ ነው ይላል (ይሄኛው እንኳ ጠንካራ ማስረጃ የለውም፣ እንለፈው)። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛ ንቦች ንግሥቲቱን፣ እጮቹንና ማሩን ጥለው ድራሻቸው ሲጠፋም ብቸኛ ጥፋተኛ ተፈልጎ አልተገኘም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅድሚያ መታየት ያለበት እናንተ በአንድ መስመር ያለፋችሁት፣ ቫሮዋ የሚባለው የንብ ጥገኛ ተባይ ነው። ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ መልኩ ቀላ ያለ ቡናማ። እናቲቱ ተባይ የእጩ ክፍል በሰም ከመታሸጉ በፊት ሹልክ ብላ ትገባና እዚያው ትራባለች፣ ከዚያ ንቧ ስትወጣ ክንፏ ጭምድድ ብሎ መብረር ያቅታታል፤ ክንፉን እንዲህ የሚያደርገው ደግሞ ተባዩ ይዞት የሚዞረው ቫይረስ ነው።

ፀረ ተባዩም ቢሆን ነፃ አይወጣም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ኒዮኒኮቲኖይድ ከሚባሉት ፀረ ተባዮች ሦስቱ ክፍት ማሳ ላይ እንዳይውሉ የከለከለው በከንቱ አይደለም። መርዙ ንቧን ወዲያው ባይገድላትም የቀፎዋን መንገድ ሊያስታት ይችላል፣ እንደወጣች ትቀራለች። እስከ አድማስ አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ ሲዘራስ? ሲያብብ ጥጋብ፣ አበባው ሲረግፍ ረሃብ። የተራበ መንጋ ደግሞ በሽታውንም መርዙንም አይችለውም።

ብቻ በሚቀጥለው ስትጽፉ፣ እባካችሁ ቫሮዋን በአንድ መስመር አትለፉት።

አንድ አንባቢያችሁ