ነሐሶቻችን በዱቄት መልክ እያለቁ ነው፤ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሙዚየማችን ቤተሰቦች፣

አሁንም እጃችንን ዘርግተን መጣን። እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እኛም መለመን ሰልችቶናል። የዕቃ ማከማቻው ጣሪያ ከተደረመሰ ወዲህ ግን ነገሩ ጊዜ አይሰጥም።

ዝናቡ የወረደው ነሐሶቹ ላይ ነው። ወዲያው አድርቀናቸው ተርፈዋል ብለን ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን አንዱ ጽዋ እግሩ ሥር ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት አራግፎ ተገኘ። የረገፈበት ቦታ ተቦርቡሯል። ባለሙያዎች «የነሐስ በሽታ» ይሉታል። ዕቃው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ከአፈር የወሰደው ክሎራይድ (ጨው ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ውስጥ ይቀመጣል። እርጥበትና አየር ሲያገኝ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ጤነኛውን መዳብ ይበላል። ክሎራይዱ ስለማያልቅ ዑደቱ ይቀጥላል። ማድረቅ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም።

ወደ ሐሜቱ እንምጣ። «ገንዘቡን ለፎቶ አወጡት» ተብሏል። ካለፈው መዋጮ አብዛኛው ለጣሪያው ሄዷል፤ የተረፈው ለኤክስሬይ፤ «ፎቶ» የተባለው እሱ ነው። ደረሰኙ ቢሮ አለ፤ መጥታችሁ እዩ። ከዕቃዎቻችን አንዱ፣ የዝገት ጓል የሚመስለው፣ በኤክስሬይ ሲታይ እጀታው በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ቢላዋ ነው። ያንን ሽቦ ሳናውቅ ብንፈቀፍቀው ኖሮ አብሮ ይሄድ ነበር።

«በሎሚና በአመድ ፈትጉት» ያላችሁንም ሰምተናል። ሃምሳ ሎሚ ለመዋጮ እንጂ ለነሐስ አይሆንም። ጥንታዊው ቅርጽና ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው የዝገቱ ንብርብር ውስጥ ነው። ከተፈተገ አለቀ።

የእንጨት ሣጥን ያበረከቱልን ወንድማችንም አይቀየሙን። እንጨት፣ በተለይ የኦክ እንጨት፣ የአሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ትነት ይለቃል። እርሳስ የተባለው ማዕድን በዚህ ትነት ነጭ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ የሣጥን ዕቃ አስቀድሞ ይፈተናል፦ ከብር፣ ከእርሳስና ከመዳብ ቁራጮች ጋር ታሽጎ፣ እርጥበት ባለበት፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ28 ቀናት ይቆያል። ቁራጮቹ ከተበላሹ ሣጥኑ ለሙዚየም አይሆንም።

አሁን የቀረን ዋናው ምርመራ ነው። ንጥረ ነገር የሚለየው ሌላ ዓይነት የኤክስሬይ መሣሪያ ዕቃውን ሳይነካ መዳቡን፣ ቆርቆሮውን (ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ነሐስ የሚሠራበትን ማዕድን፣ ቲንን) እና እርሳሱን ይነግረናል። ግን የሚያየው ላይ ላዩን ነው። በዛገ ገጽ ላይ ቆርቆሮው ከእውነተኛው መጠን በዝቶ ሊታይ ይችላል። ክሎራይዱ የት እንደተደበቀ ለማወቅ ከአንዳንዶቹ የእህል ቅንጣት የምታህል ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ሕክምናው፣ ቀጥሎም የታሸጉ ሣጥኖች እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር። ለነሐሱ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች መቆየት አለበት፤ ለዛገው ብረት ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ።

እነዚህ ዕቃዎች አደራ ናቸው። አደራ ደግሞ በፈጣሪም በሰውም ፊት ያስጠይቃል። ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት።

ገንዘቡን በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ ሙዚየሙ በር ላይ ተለጥፏል። ሂሳቡ ያለ ሦስት ፊርማ አይንቀሳቀስም። በድጋሚ፦ በኮሚቴው ስም ባለው ሂሳብ ብቻ። ለማንም በእጅ አትስጡ፣ ለእኛም ቢሆን። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «ነሐስ» ብላችሁ ጻፉ። ባለፈው ሳትጽፉ ያስገባችሁ ደግሞ የባንክ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ደረሰኝ ልንቆርጥላችሁ ስማችሁን አጥተናል።

የሙዚየሙ ድጋፍ አሰባሳቢ ኮሚቴ